ከትሮምሶ እስከ ሎንግየርብየን፦ በሁለት ሩቅ ሰሜናዊ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ ማስላት

«ከትሮምሶ ሎንግየርብየን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ ኖርዌይ ከሚኖሩ ወገኖችም፣ ለጉብኝት ከሚመጡ እንግዶችም በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ትሮምሶ በሰሜን ኖርዌይ ያለች ከተማ ስትሆን ሎንግየርብየን ደግሞ ከእሷ በስተሰሜን በስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ያለች የኖርዌይ ሰፈራ ነች። አብዛኛው ጠያቂ የሚቸገረው ቁጥር አጥቶ ሳይሆን ቁጥር በዝቶበት ነው፤ አንዱ ምንጭ 958፣ ሌላው 961፣ ሦስተኛው 517 ይለዋል፤ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የለካ ሰው ደግሞ ከሁሉም የራቀ ውጤት ያገኛል። ለቸኮለ ሰው መልሱ የሚከተለው ነው፦ ርቀቱ ወደ 958 ኪሎ ሜትር፣ በጄት አውሮፕላን የሚወስደው ጊዜ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ ከትሮምሶ ከተማ ተነስቶ ሎንግየርብየን ከተማ እስኪገቡ ያለው ጠቅላላ ጊዜ ደግሞ ወደ 5 ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ እነዚህ ቁጥሮች እንዴት እንደሚገኙ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ ስሌቱን አንዴ ከያዙት ለሌሎች የሰሜን ዋልታ አካባቢ አውሮፕላን ማረፊያዎችም ይጠቀሙበታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች የኬክሮስና የኬንትሮስ ልክ። የከተማው ሳይሆን የአውሮፕላን ማረፊያው ልክ መሆን አለበት።
- ኮሳይንና ስኩዌር ሩት የሚያወጣ ካልኩሌተር። በስልክ ላይ ያለው ይበቃል።
- ወረቀትና እርሳስ።
- ሉል (ግሎብ) እና ክር፤ ውጤቱን በዓይን ለማመሳከር ይጠቅማሉ፣ ባይኖሩም ሥራው አይቆምም።
- ጉዞው የታሰበ ብቻ ሳይሆን የተቆረጠ ከሆነ ትኬቱ፣ ፓስፖርትዎና የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ቪዛዎ።

ክፍል አንድ፦ ርቀቱን ማስላት

1. የአውሮፕላን ማረፊያዎቹን ማንነት ያረጋግጡ።

በሰሜኑ ጫፍ አካባቢ የቦታ ስሞች በተለያየ አጻጻፍ ይገኛሉ፣ አንዳንዶቹም ተቀይረዋል። በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ኡትኪያግቪክ እስከ 2016 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በይፋ ባሮው ትባል ነበር፤ የአውሮፕላን ማረፊያዋ መለያ ግን ዛሬም በቀድሞው ስም የተሠራው «ቢ-አር-ደብሊው» ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ በሦስት ፊደል መለያው ይፈልጉ፤ የትሮምሶ «ቲ-ኦ-ኤስ»፣ የሎንግየርብየን «ኤል-ዋይ-አር» ነው። ሎንግየርብየን በስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ያለች ሰፈራ ስትሆን በትኬት ላይ «ስቫልባርድ» ተብላ ልትጻፍም ትችላለች።

2. የኬክሮስና የኬንትሮስ ልኮቹን ወደ አስርዮሽ ይለውጡ።

የሎንግየርብየን አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 78°14′46″፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 15°27′56″ ላይ ይገኛል። የትሮምሶው በሰሜን 69°40′53″፣ በምሥራቅ 18°55′10″ ላይ ነው። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ስለሆነ ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍለው ይደምራሉ። በዚህ መሠረት ሎንግየርብየን 78.246 እና 15.466፣ ትሮምሶ 69.681 እና 18.919 ይሆናሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ 78°14′ን እንዳለ 78.14 ብሎ መጻፍ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ይህች ብቻዋን አውሮፕላን ማረፊያውን ከቦታው ወደ 12 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ትገፋዋለች።

3. የሰሜንና ደቡብ ልዩነቱን ለብቻ፣ የምሥራቅና ምዕራብ ልዩነቱን ለብቻ ወደ ኪሎ ሜትር ይቀይሩ።

የስሌቱ ዋና ቦታ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ወስደው ይሥሩ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ የትም ቦታ ቢሆን ወደ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። የሁለቱ ኬክሮስ ልዩነት 78.246 ሲቀነስ 69.681፣ ማለትም 8.565 ዲግሪ ሲሆን በ111.2 ሲባዛ 952.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ኬንትሮስ ግን እንዲህ አይደለም። የኬንትሮስ መስመሮች በምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ይጀምሩና ወደ ዋልታው በቀረቡ ቁጥር እየተጠጋጉ ሄደው ዋልታው ላይ አንድ ነጥብ ይሆናሉ። አዲስ አበባ ላይ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ወደ 110 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን በትሮምሶና በሎንግየርብየን መካከል ግን 31 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን መጥበብ የሚያስተካክልልን የኬክሮሱ ኮሳይን ነው። የሁለቱ ቦታዎች አማካይ ኬክሮስ 73.96 ዲግሪ ነው፤ የዚህ ኮሳይን 0.2763 ነው። የኬንትሮስ ልዩነቱ 18.919 ሲቀነስ 15.466፣ ማለትም 3.453 ዲግሪ ስለሆነ፣ 3.453 በ111.2፣ ውጤቱ ደግሞ በ0.2763 ሲባዛ 106.1 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

ማስጠንቀቂያ፦ ካልኩሌተሩ በዲግሪ እንጂ በራዲያን (ሌላው የማዕዘን መለኪያ) እንዳልተቀመጠ አስቀድመው ይመልከቱ። በራዲያን ከተቀመጠ የ73.96 ኮሳይን 0.2763 መሆኑ ቀርቶ 0.132 ይሰጥዎታል፣ ምንም የስህተት ምልክትም አያሳይዎትም። ለመፈተሽ የ60ን ኮሳይን ያውጡ፤ 0.5 ካላለ አቀማመጡን ይቀይሩ።

4. ሁለቱን ያገናኙ።

የሰሜን ርቀቱና የምሥራቅ ርቀቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠሩ ሁለት ጎኖች ስለሆኑ እያንዳንዱን በራሱ አባዝተው ይደምሩና የድምሩን ስኩዌር ሩት ያውጡ። የ952.4 እና የ106.1 ውጤት ወደ 958 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የኮሳይኑን ማስተካከያ የዘለለ ሰው እዚሁ ላይ 1,027 ያገኛል፤ ከመንገድ ላይ የሌለ 69 ኪሎ ሜትር ጨመረ ማለት ነው።

አንዳንድ ምንጮች 961 የሚሉት ተሳስተው አይደለም። ምድር ወደ ዋልታዎቿ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች በመሆኗ በዚህ ከፍተኛ ኬክሮስ ላይ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ከ111.2 ይልቅ ወደ 111.6 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ይህን ያካተተ ስሌት ሦስት ወይም አራት ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ለተጓዥ የሚያመጣው ለውጥ ከግማሽ ደቂቃ በታች ስለሆነ ሁለቱንም ቁጥር ያለ ስጋት መጠቀም ይችላሉ።

5. የልኬቱን ዓይነት ያስተካክሉ።

በአቪዬሽን ርቀት የሚለካው በኖቲካል ማይል ሲሆን አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። 958 ኪሎ ሜትር ለ1.852 ሲካፈል 517 ይሆናል፤ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ሦስተኛው ቁጥር ይኸው ነው። በአሜሪካ የየብስ ማይል ደግሞ 595 ይሆናል። 517ን የየብስ ማይል መስሎት በ1.609 ያባዛ ሰው 832 ኪሎ ሜትር ያገኝና ርቀቱን ያሳጥረዋል።

6. የኬንትሮስ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሌላ መንገድ ይከተሉ።

ከላይ ያለው አሠራር የኬንትሮስ ልዩነታቸው ጥቂት ዲግሪ ለሆኑ ቦታዎች ብቻ የታሰበ ነው። ለምሳሌ ከሎንግየርብየን እስከ ኡትኪያግቪክ ለማስላት ቢሞክሩበት ፈጽሞ ያሳስትዎታል። ኡትኪያግቪክ በሰሜን 71.286፣ በምዕራብ 156.766 ላይ ነች። አንዷ ምሥራቅ፣ ሌላዋ ምዕራብ ስለሆኑ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀናነሱም፤ ልዩነቱ 172.232 ዲግሪ ነው። ይህን ወደ ደረጃ 3 ቢያስገቡት 5,090 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጥዎታል፤ ምክንያቱም ስሌቱ አውሮፕላኑን ዋልታውን ዙሪያውን እንዲዞር ስለሚያደርገው ነው። ትክክለኛው አጭር መስመር ግን ዋልታውን ታክኮ ያልፋል።

ለእንዲህ ያለው ጉዞ የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን ያባዙ፤ ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይንና የኬንትሮስ ልዩነቱን ኮሳይን ያባዙ፤ ሁለቱን ውጤቶች ይደምሩ። የመጀመሪያው 0.979 በ0.947 ሲሆን፣ ሁለተኛው 0.204 በ0.321 በነጌቲቭ 0.991 ነው። ድምሩ ወደ 0.8625 ይመጣል። ካልኩሌተሩ ላይ በተገላቢጦሽ ኮሳይን ወደ ማዕዘን ሲመልሱት 30.4 ዲግሪ ይሆናል፤ በ111.2 ሲባዛ ወደ 3,380 ኪሎ ሜትር ነው።

የኬንትሮስ ልዩነቱ ወደ 180 ሲጠጋ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ማመሳከሪያ አለ። እያንዳንዱ ቦታ ከዋልታው ምን ያህል እንደሚርቅ ኬክሮሱን ከ90 በመቀነስ ያግኙ፦ 11.754 እና 18.714። ሲደመሩ 30.468 ዲግሪ፣ በ111.2 ሲባዙ 3,388 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ልዩነቱ 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የሁለቱ ስሌቶች ውጤት በጣም ከተራራቀ አንዱ ላይ ስህተት ሠርተዋል ማለት ነው።

7. በሉል ላይ በክር ያመሳክሩ።

ክሩን በሁለቱ ቦታዎች መካከል ወጠር አድርገው ይዘርጉና ርዝመቱን ይለኩ። የሉሉ ስፋት (ዲያሜትር) 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ 425 ኪሎ ሜትር ይወክላል፤ ከሎንግየርብየን እስከ ኡትኪያግቪክ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። ይህን በጠፍጣፋ የግድግዳ ካርታ ላይ አይሞክሩት። እንደዚህ ያለ ካርታ ሰሜኑን ለጥጦ ስለሚያሳይ ከሥሩ ያለው የኪሎ ሜትር መለኪያ ለዚያ አካባቢ አይሠራም።

ክፍል ሁለት፦ ጊዜውን ማስላት

8. የበረራ ጊዜውን ያውጡ።

ለመደበኛ የመንገደኞች ጄት ርቀቱን ለ800 አካፍለው 30 ደቂቃ ይጨምሩ። ለትሮምሶና ሎንግየርብየን 958 ለ800 ሲካፈል 1.2 ሰዓት፣ ማለትም 72 ደቂቃ ይሆናል፤ ከ30 ጋር 102 ደቂቃ፣ ማለትም 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው። ከኦስሎ በቀጥታ ለሚበር ሰው ርቀቱ 2,013 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚሁ አሠራር 3 ሰዓት ገደማ ይወጣል።

30 ደቂቃዋ የምትጨመረው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተንደርድሮ እስኪነሳ፣ ከፍታውን እስኪይዝ፣ ከዚያም እየወረደ እስኪያርፍ ድረስ ያለው ጊዜ ከሙሉ ፍጥነቱ በታች የሚጓዝበት ነው። አውሮፕላኑ በቀጥታ መስመርም አያርፍም፤ የሎንግየርብየን ማኮብኮቢያ የተዘረጋው ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ስለሆነ ከደቡብ የመጣው አውሮፕላን ታጥፎ ከማኮብኮቢያው ጋር መስተካከል አለበት። አንድ ቃል ልጨምር፦ 1.2 ሰዓት ማለት 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አይደለም፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን በ60 ያባዙት፣ 12 ደቂቃ ነው።

ባለ ፕሮፔለር አነስተኛ አውሮፕላን ከሆነ በ800 ማካፈል አይሠራም፤ ብዙዎቹ በሰዓት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። ከማስላትዎ በፊት የአውሮፕላኑን ዓይነት ትኬቱ ላይ ይመልከቱ።

9. ነፋሱን ያስቡበት።

ጄቱ በተረጋጋ አየር በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነና 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከፊት ቢገጥመው፣ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ 730 ይሆናል። 958 ኪሎ ሜትር በ830 ወደ 69 ደቂቃ፣ በ730 ግን 79 ደቂቃ ይፈጃል፤ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋው ደግሞ ወደ 62 ይወርዳል። እንግዲህ የፊት ነፋስ የሚነጥቅዎት 10 ደቂቃ፣ የኋላ ነፋስ የሚመልስልዎት 7 ብቻ ነው። መሄጃና መመለሻ ተቀናንሰው ዜሮ ይሆናሉ ብለው አይቁጠሩ።

10. ሰዓቱን ወደሚያውቁት አቆጣጠር ይመልሱ።

ስቫልባርድ የምትጠቀመው የዋናውን ኖርዌይ ሰዓት ስለሆነ ከትሮምሶ ሲሄዱ የእጅ ሰዓትዎን አይነካኩም። ትኬት ላይ ያለው የመነሻ ሰዓት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ የመነሻው ቦታ ሰዓት ነው፤ 13:15 የሚለው ስድስት ሲቀነስለት በእኛ ከቀኑ 7:15 ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሚደውልልዎ ከሆነ በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ይጨምሩለት፤ ይኸው 13:15 በአዲስ አበባ በኖርዌይ ክረምት 9:15፣ በኖርዌይ በጋ 8:15 ይሆናል።

ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑንም አይርሱ። በ15ኛው ቀን 00:40 የሚል ትኬት የያዘ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ያለበት በ14ኛው ቀን ምሽት ነው። ሎንግየርብየን ላይ በፀሐይ ገምቶ መንቃት አይቻልም፤ በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ሳምንታት ደግሞ አትወጣም። የስልክዎን ማንቂያ ይሙሉ።

11. ከቤት እስከ ቤት ያለውን ጊዜ ይደምሩ።

ከትሮምሶ መሀል ከተማ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ 20 ደቂቃ፣ ከበረራ በፊት 2 ሰዓት፣ በረራው 1 ሰዓት ከ40፣ ሻንጣ መጠበቂያ 30 ደቂቃ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሎንግየርብየን ማረፊያዎ በአውቶቡስ 20 ደቂቃ ብለው ይያዙ። ድምሩ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። አገር ውስጥ በረራ ነው ብለው 2 ሰዓቱን አያሳጥሩት፤ ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ብትሆንም ከሸንገን ክልል (ድንበራቸውን እርስ በርስ ከከፈቱት የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ስለሆነች ትሮምሶ ላይ የፓስፖርት ቁጥጥር አለ። ከኦስሎ ተነስቶ በትሮምሶ በኩል የሚያልፍ በረራ የያዙም በትሮምሶ ወርደው ቁጥጥሩን ማለፍ እንዳለባቸው አውቀው ፓስፖርታቸውን በእጅ ሻንጣቸው ይያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ በሸንገን ቪዛ የመጣ እንግዳ ወደ ስቫልባርድ ሲሻገር ከሸንገን እንደወጣ ይቆጠራል፤ ለመመለስ ቪዛው ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ትኬት አይቁረጡ። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ካርዱንና ፓስፖርቱን አብሮ ይያዝ፣ የሁለቱንም ማብቂያ ቀን አስቀድሞ ይመልከት።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ደግሞ መሬት ላይ ያለውን ይመለከታል። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ አካባቢው የነጭ ድብ መኖሪያ ስለሆነ አውቶቡስ አመለጠኝ ብለው በእግር አይነሱ።

12. ቀጥታ በረራ ከሌለ እያንዳንዱን የጉዞ ክፍል ለየብቻ አስልተው ይደምሩ።

ሰዎች ርቀቱን አይተው ጊዜውን ሲገምቱ የሚሳሳቱት ከሁሉም በላይ እዚህ ነው። ከሎንግየርብየን እስከ ኡትኪያግቪክ 3,380 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በደረጃ 8 ስሌት ወደ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመስላል፤ ነገር ግን መደበኛ ቀጥታ በረራ የለም። አንድ ሊሆን የሚችል መንገድ በኦስሎ፣ በአይስላንድ ኬፍላቪክ፣ በሲያትልና በአንከሬጅ በኩል ነው፦

- ሎንግየርብየን – ኦስሎ፦ 2,013 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰዓት
- ኦስሎ – ኬፍላቪክ፦ 1,780 ኪሎ ሜትር፣ 2 ሰዓት ከ44
- ኬፍላቪክ – ሲያትል፦ 5,810 ኪሎ ሜትር፣ 7 ሰዓት ከ46
- ሲያትል – አንከሬጅ፦ 2,330 ኪሎ ሜትር፣ 3 ሰዓት ከ25
- አንከሬጅ – ኡትኪያግቪክ፦ 1,165 ኪሎ ሜትር፣ 1 ሰዓት ከ57

ድምሩ ወደ 13,100 ኪሎ ሜትርና በአየር ላይ ብቻ 19 ሰዓት ገደማ ነው፤ ርቀቱ ከቀጥታው አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። አራቱ መቀያየሪያዎች ሲጨመሩበት ሁለት ቀን ይያዙለት። አላስካ ከኖርዌይ በ10 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የመድረሻውን ሰዓት ከመነሻው በቀጥታ ቀንሰው የጉዞ ጊዜ አያውጡ፤ የአሜሪካና የአውሮፓ የሰዓት ለውጥ ቀን ስለማይገጥም በማርች ሁለተኛ አጋማሽና በኦክቶበር መጨረሻ ላይ ልዩነቱ ለጥቂት ጊዜ ወደ 9 ይወርዳል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ሌሎች ስህተቶች

ከሎንግየርብየን የሚመለስ በረራን ከቀጣዩ በረራ ጋር አጣብቆ መያዝ አደገኛ ነው። ሁለቱ ትኬቶች ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም፤ ኦስሎ ላይ ደግሞ ፓስፖርትና ጉምሩክ ማለፍ አለብዎት። በአንድ ትኬት ላይ የተያያዘ ጉዞ ይግዙ፤ ካልሆነም አንድ ሌሊት በመሀል ያስገቡ።

ጭጋግን ከስሌት ውጭ ማድረግም እንዲሁ ነው። ሎንግየርብየን ላይ ማረፍ ካልተቻለ በአቅራቢያው ጄት የሚያስተናግድ ሌላ ማረፊያ ስለሌለ አውሮፕላኑ ወደ ዋናው ኖርዌይ ይመለሳል። ያን ዕለት 958 ኪሎ ሜትሩ 1,916 ሆኖ፣ ተጓዡ ከሦስት ሰዓት በላይ በርሮ ራሱን ትሮምሶ ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ የቀጠሮ ወይም የሥራ መጀመሪያ ቀን ካለብዎት ከአንድ ቀን በፊት ይድረሱ፤ ከመነሳትዎም በፊት በነበረው ምሽትና በዕለቱ ጠዋት የበረራውን ሁኔታ በአየር መንገዱ መተግበሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ይመልከቱ።